ግማሽ ላይ የቆመ ባንዲራ

ያ ባንዲራ ያስወጣኝን መጀመሪያ ልናገር። ትንሽ ጨርቅ፣ አንድ የውሃ ቱቦ፣ እርስ በርስ የተቋጠሩ ሁለት ቁራጭ ገመዶች፣ ከመስከረም እስከ ክረምት የታሸገ ሱቅ፣ ከዚያም ባለቤቴ። ባለቤቴ አልሞተችም። ቤት አለች፣ ትሠራለች፣ ስለ ገበያ እናወራለን። ስለ ልጃችን ግን ከኔ ጋር ማውራት አቁማለች። ነጋዴ ነኝ፤ ወጪን ትንሽ አጋንኖ መናገር የሥራዬ ጠባይ ነው። ይህን ግን አላጋነንኩም።

ሱቄ አስመራ፣ ገዛ ባንዳ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ዝቅተኛ ቤቶች በአንዱ ነበር። ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ ግቢና መኖሪያ። ምስማር፣ ገመድ፣ ቁልፍ፣ ቀለም፣ የቧንቧ ዕቃ እሸጣለሁ፤ እኛ አስመራ ላይ ፈራሜንታ የምንለው ዓይነት ሱቅ ነው። አማርኛዬን ያገኘሁት ከወታደርና ከከባድ ማኪና ሾፌር ስለሆነ መጀመሪያ ያወቅሁት ቁጥርና ስድብ ነው። ለንግድ ያ ይበቃል። መጻፉን ኋላ በራሴ ጊዜ ጨመርኩበት።

በደርግ ጊዜ አንድ ዓመት፣ የአብዮቱ በዓል ሲቃረብ፣ ቀበሌው የሱቅ ባለቤቶችን ስብሰባ ጠራ። የሚናገረው ካድሬው ነበር፤ ከመሀል አገር የመጣ ቀጭን ወጣት፣ በሙቀቱም በብርዱም አንገቱ ላይ ሻርፕ የሚጠመጥም። ንዑስ ከበርቴ የሚባል ነገር መሆኔን የሰማሁት ከሱ ነው። እስከዚያ ድረስ ራሴን ባለሱቅ ነበር የምለው።

«ለዘንድሮ በዓል ሰንደቅ ዓላማ የማይሰቀልበት ሱቅ አይኖርም» አለ።

«ባንዲራው ስንት ክንድ ይሁን፣ ጓድ?» ብዬ ጠየቅሁ። ስለ መጠን የማይጠይቅ ነጋዴ የለም።

«ባንዲራ አይባልም። ባንዲራ የጣሊያን ነው። ሰንደቅ ዓላማ በል።»

«እወ፣ ጓድ» አልኩ። የጣሊያን ያልሆነ ነገር በሰፈራችን ብዙም አልነበረም። እሱ የተቀመጠበት ወንበርም የጣሊያን ነበር።

ከዚያ ደንቡን አስረዳን። አረንጓዴው ከላይ፣ ቀዩ ከታች። ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ይወጣል፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ይወርዳል፤ ውጪ አያድርም። ሲወጣ ፈጠን ተብሎ፣ ሲወርድ ቀስ ተብሎ ነው። መሬት አይነካም። የነተበ፣ የተቀደደ፣ ቀለሙ የለቀቀ አይሰቀልም። ከሱቁ ስም ዝቅ ብሎ አይውልም። ከልብስ ጋር በአንድ ገመድ ላይ አይሰጣም።

ከጎኔ የተቀመጠው የጨርቅ ነጋዴ እጁን አነሣ። «ዝናብ ቢመታውስ፣ ጓድ፣ የት እናድርቀው?»

ካድሬው ትንሽ አሰበ። «በክብር ይደርቃል» አለ።

የጨርቅ ነጋዴው እንደገባው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ማንም አልሳቀም። እንዲህ ያለ ሳቅ ወደ ቤት ተይዞ ነበር የሚኬደው።

ሊነሣ ሲል አንድ ነገር ጨመረ፤ «ግማሽ ላይ ዝቅ ብሎ የሚውለው መንግሥት ሐዘን ሲያውጅ ብቻ ነው። ይህን እንደምታውቁ ተስፋ አደርጋለሁ።» እናውቅ ነበር። በንጉሡ ጊዜም አይተናል።

ከስብሰባው በኋላ ያለኝ ገመድ ሁሉ እንደ ዳቦ አለቀ። የማዞሪያ መዘውርም፣ ቱቦም አለቀ። የሰፈሩን ባንዲራ ሁሉ ያቆምኩት እኔ ነኝ ብል ሐሰት አይሆንም። ለራሴ ሳስብ ሱቁ ውስጥ የቀሩት ሰው እያየ የተዋቸው ሁለት የቃጫ ገመድ ቁራጮች ነበሩ። እነሱን ቋጠርኩና ከሱቁ ግንባር ላይ ባቆምኩት ቱቦ ጫፍ፣ በመዘውሩ ውስጥ አሳለፍኳቸው። ቋጠሮው ወፍራም ስለነበር ስሞክረው መዘውሩ ላይ ያዝ አደረገው። ጠበቅ አድርጌ ስስበው አለፈ። ያለፈ ነገር ለኔ በቂ ነበር።

አሁን ስለ ልጄ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም።

አንድ ልጅ ነበረን፤ ወንድ። ወደ ትምህርት ቤት ብሎ አንድ ጧት ወጣና አልተመለሰም። ወዴት እንደሄደ ማንም አልነገረን፤ መንገርም አያስፈልግም ነበር። ያን ጊዜ የጠፋ ወጣት የሚገኝበት ቦታ አንድ ነው። ሜዳ ይባላል፤ ታጋዮቹ ያሉበት በረሃ ነው፤ ቃሉም በሹክሹክታ ነው የሚነገረው። ቀበሌ ሲጠይቀኝ «ጅዳ ነው፤ ዘመድ ጋ ሥራ ይዟል» አልኩ። እነሱም ጻፉ። ጅዳ ሰፊ ከተማ መሆን አለበት። የገዛ ባንዳ ወጣት ግማሹ በወረቀት እዚያ ነበር የሚኖረው።

ሜዳ የሞተ ልጅ አይለቀስለትም ነበር። የሚያለቅስ ሰው ልጄ ወንበዴ ነው ብሎ አመነ ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ጠያቂው ይበዛል። ስለዚህ የከተማው ሰው ሐዘኑን በምልክት መናገር ለመደ። አንዷ ነጠላዋን እንደ ለቅሶ አዘቅዝቃ፣ ጥለቱን ወደ ፊቷ አድርጋ ውሃ ልትቀዳ ትወጣለች። ሌላው ጢሙን መላጨት ይተዋል። አንዱ ሱቁን ይከፍትና ዕቃ ሳያወጣ ይቀመጣል። ጎረቤት ያያል። አንድ ሁለት እያለ ይገባል፤ ስሙን ሳያነሣ ተቀምጦ ይወጣል። ሻሂ ይቀርባል፣ ስለ ዝናብ ይወራል። ስለ ዝናብ ብቻ እየተወራ ሰው ሁሉ እንባውን የሚጠርግበት ቤት ስንት ጊዜ ገብቼ ወጥቻለሁ።

ባለቤቴ በየመንገዱ የምታየው ያን ምልክት ነበር። እኔ ፊት ላይም ትፈልገው ነበር። ሱቅ ውዬ ስገባ መጀመሪያ ፊቴን ታያለች፣ ከዚያ ነው ሰላም የምትለኝ። ብዙ ዘመን እንዲህ ኖርን። የሷ ጥያቄ አንድ ነበር፤ አለ ወይስ የለም። እኔም የማላውቀውን እንዳላውቅ ለማሳየት ፊቴን ክፍት አድርጌ ነበር የምገባው።

የበዓሉ ዕለት ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። በሰዓቱ ወጣሁ፤ አረንጓዴውን ከላይ አድርጌ አሰርኩ፣ ፈጠን አድርጌ ሳብኩ። ቋጠሮው ያዝ አደረገ፣ ጎተትኩት፣ አለፈ። ባንዲራው ጫፍ ደረሰ። የገመዱን ሌላ ጫፍ ግድግዳው ላይ በመታሁት ምስማር ጠመጠምኩና ከቀበሌው ሰው ጋር ወደ ሰልፉ ሄድኩ። የሱቅ ባለቤት ከሰልፍ አይቀርም፤ ስም ይጠራል።

የቃጫ ገመድ ሲርስ ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ይላላል። ይህን ለደንበኛ ሁሉ እየነገርኩ ነው ያረጀሁት። እኛ አደባባይ ላይ እጃችንን ወደ ላይ ስናነሣ ስናወርድ ፀሐይ ወጣች፤ የኔም ገመድ ደረቀ። ከምስማሩ ላይ ላላ፣ ባንዲራው በክብደቱ ወደ ታች ወረደ፣ ቋጠሮው በዚያኛው በኩል ወደ ላይ ሄዶ መዘውሩ ውስጥ ተቀረቀረ። ባንዲራው ግማሽ ላይ ቆመ።

ይህን ያየሁት ስመለስ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ ላይ ነው። መጀመሪያ የተናደድኩት በገመዱ ነበር። ቀጥሎ ያየሁት ሴቶች ናቸው። የግቢዬ በር ገርበብ ብሏል፤ የሰፈር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ግድግዳውን ተጠግተው ወደ ውስጥ ይገባሉ። ማን ሞተ ብዬ አሰብኩ። በሰፈሩ ውስጥ ለማን እንደሚለቀስ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

በር ላይ አንዲት ጎረቤታችን ጠበቀችኝ። አሜሪካኖቹ ቃኘው ጦር ሰፈር በነበሩ ጊዜ ልብሳቸውን ታጥብላቸው የነበረች ባልቴት ናት፤ ሁላችንም ኣደይ፣ እናቴ፣ ነበር የምንላት። እጄን በሁለት እጇ ያዘች።

«ጽንዓት ይሃብካ፣ ወደይ።» ለሐዘንተኛ የሚባለው ነው፤ ብርታቱን ይስጥህ።

«ለምኑ?»

«ለምኑ ይለኛል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ብልህ ነህ። በገዛ ባንዲራቸው ነገርከን።»

«ምን ነገርኳችሁ፣ ኣደይ?»

«ቃኘው እያለሁ እኮ አውቀዋለሁ። አሜሪካኖቹ ትልቅ ሰው ሲሞትባቸው ግማሽ ላይ ነበር የሚያቆሙት። ጧት ውሃ ልቀዳ ስወጣ የአንተ ጫፍ ላይ ነበር፤ ስመለስ ግማሽ ላይ። እንግዲህ ወሬው ደረሰው አልኩ። ለሴቶቹም ነገርኳቸው።»

«ገመዱ ነው፣ ኣደይ። ተቀርቅሮ ነው።»

እጄን መታ መታ አደረገችው። «እወ» አለች፣ «ገመዱ ነው። ለጠየቀን ሁሉ እንደዚያው እንላለን።»

በሕይወቴ ብዙ ውሸት ሸጫለሁ፤ ገዢ አጥቼ አላውቅም። ያን ቀን ግን እውነቱን ይዤ ዞርኩና የሚገዛኝ አጣሁ።

ወደ ውስጥ ገባሁ። ባለቤቴ ሴቶቹ መሀል ተቀምጣለች። አንዷ ዘንድሮ ዝናቡ እንደቆየ ታወራለች። ባለቤቴ ፊቴን አየችው፤ እንደ ወትሮው። እኔ ደግሞ ያን ጊዜ ፊቴ ላይ የነበረው ፍርሃት ነው፤ ካድሬው ከመድረሱ በፊት ባንዲራውን ማውረድ ነበረብኝ። ፍርሃትና ሐዘን ፊት ላይ ብዙ አይለያዩም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?» አለችኝ።

«የማውቀው ነገር የለም። ስሚኝ፤ ገመዱ ቋጠሮው ላይ…»

ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ገመድ የሚለውን ቃል በሩ ላይ ለኣደይ ስነግራት ሰምተው ነበር። ባለቤቴ እነሱን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ተነሥታ ጮኸች። «ወደይ» አለች፤ ልጄ ማለቷ ነው። ያን ድምፅ ከወለደችው ቀን ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ግድግዳውን አልፎ መንገድ ደረሰ። ለዓመታት ስለ ዝናብ ሲያወሩ የኖሩት ሴቶችም አብረዋት ጮኹ፤ የየራሳቸውን ጨመሩበት መሰለኝ፤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ለቅሶ አልነበረም።

ወደ ደጅ ስወጣ ካድሬውን ከአንድ ወታደር ጋር ግቢው መሀል ቆሞ አገኘሁት። ከሰልፉ ገና መመለሱ ነው፤ ደረቱ ላይ የወረቀት አበባ አለ።

«ዛሬ የሕዝብ ደስታ ቀን ነው» አለ። «ማነው የሚያለቅሰው? ሰንደቅ ዓላማውንስ ማነው ያወረደው?»

በዚያች ቅጽበት ያሰብኩትን ሁሉ ብጽፈው ረጅም ይሆናል፤ ሲታሰብ ግን አጭር ነበር። ገመድ ነው ብል፣ ለቅሶው ለምንድን ነው ይላል። አክስቴ ሞታ ነው ብል፣ ለአክስት ወደይ ተብሎ አይለቀስም፤ ካድሬው ደግሞ አስመራ ሲከርም ይህን ያህል ትግርኛ ለምዷል። ያለን ልጅ አንድ ነው። ወደይ ተብሏል፤ ሰፈሩ ሰምቷል፤ ቃሉ ተመልሶ አይገባም። አልሞተም ብል፣ እንግዲያው እናቱ ምን ሰማች፣ ከማን ሰማች፣ ከሜዳ ማን ይመላለሳል ይባላል። ባለቤቴን ይወስዷታል፤ ከሷ ጋር ኣደይን፣ ከኣደይ ጋር ነጠላቸውን ያዘቀዘቁትን ሁሉ። አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበር የቀረው፤ በሱ ወጣሁ።

«ልጄ ነው፣ ጓድ» አልኩ። «ሞተብኝ።»

«የትኛው ልጅ?»

«ያለኝ አንድ ነው። ጅዳ ያለው።»

«ምን ሆኖ?»

«ማኪና ገጭቶት።»

«ማን ነገረህ?»

«ከዚያ የመጣ ነጋዴ። ዛሬ ጧት፣ ለሰልፉ ልወጣ ስል።»

«አንተም ሰንደቅ ዓላማ አወረድክ።»

«አላወረድኩም፣ ጓድ። እሱ እንኳ ገመዱ ነው፤ ላልቶ ነው።»

«ልጅህ በሞተ ቀን» አለ፣ ሻርፑን እያስተካከለ፣ «ገመዱም አብሮ አዘነ።»

ቀረብ አለኝና ድምፁን ቀነስ አደረገ።

«ጅዳ ነው አይደል የሞተው?»

«ጅዳ።»

«ሌላ ቦታ አይደለም።»

«ጅዳ ነው፣ ጓድ።»

ብዙ አየኝ። ልጅ ነው እንጂ ሞኝ አልነበረም። ደክሞትም ነበር ይሆናል፤ የበዓል ቀን በእስረኛ መሙላት ለሱም ሪፖርት መጻፍ ነው። «ጅዳ የሞተ ይለቀሳል» አለ በመጨረሻ። «ነፍስ ይማር። ሰንደቅ ዓላማውን ግን ለብቻው እናየዋለን።»

ያን ጊዜ ከኋላዬ ለቅሶው መቆሙን ሰማሁ። ዞር ስል ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማለች። ጩኸቷ ውስጥ እስከዚያ ድረስ ጥያቄ ነበረበት። አሁን አባቱ በአፉ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ መልሶላታል።

ባንዲራው ማስረጃ ነው፤ አለቃቸው እስኪያየው አትንካው ተባልኩ። አለቃው ግን በዓል ላይ ነበር፤ አልመጣም። ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀመረች። ፀሐይ ከገባች በኋላ ባንዲራ ውጪ ማደሩ ደግሞ ሌላ ጥፋት ነው። ስለዚህ እዚያው ሥር ቆሜ ጠበቅሁ፤ ብነካው ማስረጃ አጠፋሁ፣ ብተወው አሳደርኩት። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ወታደሩ ጣራው ላይ ወጣ። ገመዱ አልሄድ ሲለው በሳንጃው ቆረጠው። ባንዲራው ሲወርድ የመሬቱ ደንብ ትዝ አለኝና ሮጬ በእቅፌ ተቀበልኩት። ሴቶቹ ከግቢው በር ላይ ሆነው ያዩ ነበር። ልጁን እንደያዘ ነው የያዘው ብለው ነው ያወሩት። እኔ ግን መሬት እንዳይነካ ብዬ ነው።

ሰዓት እላፊው ሲቃረብ ሰዉ ወጣና ከባለቤቴ ጋር ብቻችንን ቀረን።

«ስሚኝ» አልኳት። «ልጁ ስለመሞቱ የሰማሁት ነገር የለም። ለካድሬው ውሸቴን ነው። አንቺን እንዳይወስዱሽ ነው። ገመድ ነው የላላው፤ ሌላ ምንም የለም።»

ጥቁር ልብሷን ከሣጥን እያወጣች ነበር። አላቆመችም።

«ለካድሬው ሞቷል አልክ። ለኔ አልሞተም ትላለህ» አለች። «ማንን ነው የምታጽናናው?»

«በእግዚአብሔር ስም እምልልሻለሁ።»

«ለደንበኞችህም ትምላለህ።»

ይህ እውነት ነው። ቀለም ስሸጥ እምላለሁ፣ ቁልፍ ስሸጥ እምላለሁ። ለዚህ ቀን አንድ ያልተነካ መሐላ ማስቀመጥ ነበረብኝ፤ አላስቀመጥኩም። ሜዳ ስለሞተ ልጅ ባል ለሚስቱ የሚዋሽበት ዘመን መሆኑንም ታውቃለች። በሰፈራችን ሦስት አራት አባቶች ያውቁ ነበር፣ እናቶቹ ግን አያውቁም ነበር። እኔም ከነሱ አንዱ ሆንኩላት።

ድንኳን በፈቃድ ተተከለ። ቀበሌው ራሱ ወንበር አዋሰን፤ የጣሊያኖቹን። ካድሬው መጥቶ ተቀመጠ፣ ሻሂ ጠጣ፣ ስለ ጅዳ የትራፊክ አደጋ ተናገረ። የመጣው ሰው ብዛት ይደንቅ ነበር። ከከተማው ሌላ ዳር፣ ከጸጸራት ድረስ መጡ፤ በመልክም የማላውቃቸው እናቶች ገብተው ከኔ ሚስት ብሰው አለቀሱ። በፈቃድ የሚለቀስበት ቤት ሌላ አልነበረማ።

ፍትሐት የግድ ነበር፤ ያለዚያ ካድሬው ይጠረጥራል። የንስሐ አባቴን ጥግ ይዤ «አባ፣ ለመሞቱ እርግጠኛ አይደለሁም» አልኳቸው።

ግራ ቀኝ አዩ። «ሞቶ ከሆነ ለነፍሱ ይሆነዋል» አሉ። «ካልሞተም አይጠፋበትም። ይቀመጥለታል።»

ነጋዴ ቢሆኑ ይሆንላቸው ነበር።

ከሰባቱ ቀን በኋላ ቀበሌው ጠራኝ። ካድሬው ያዘጋጀልኝን ግለ ሂስ ቆሜ አነበብኩ፤ የግል ሐዘኔን ከሰፊው ሕዝብ ደስታ በላይ አድርጌአለሁ የሚል ነበር። ሱቄ ታሸገ። ሁለተኛው ቅጣት ደንቡን እስክማር ድረስ የቀበሌውን ባንዲራ ጧት እንዳወጣና ማታ እንዳወርድ ነበር። ተምረሃል ያለኝ ሰው ስላልነበረ ደርግ እስኪሄድ ድረስ ሳወጣና ሳወርድ ኖርኩ። የቀበሌው ገመድ አዲስ ነው፤ ከኔው ሱቅ የተገዛ። አንድም ቀን አልላላም። ጧት ጧት ያን ባንዲራ ጫፍ አድርሼ እመለሳለሁ፤ ቤት ባለቤቴ ጥቁሯን ለብሳ ቁርስ ታቀርብልኛለች። ፊቴን ማየት ትታለች። ስገባ ቀና አትልም። እኔም በዚያ ሁሉ ዘመን አላለቀስኩም፤ ለሱ ካለቀስኩ የራሴን ውሸት አመንኩ ማለት ነው ብዬ ፈራሁ። አለ ብሎ የሚጠብቀው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ የቀረሁት።

ሱቁ ከተከፈተ በኋላ፣ ሌላ ዓመት፣ ከገጠር እንቁላል ይዛ የምትመጣ አንዲት ሴት ገባች። ዱሮ አይቻት አላውቅም። እንቁላሉን መደርደሪያው ላይ እየደረደረች፣ ዓይኗን ሳታነሣ «ወድኻ ደሓን ኣሎ» አለችኝ። ልጅህ ደህና ነው ማለቷ ነው። «እግሩን ቆስሎ ነበር፣ ድኗል። እናቴን ሳምልኝ ብሏል።»

ከደጅ አንድ ወታደር ቁልፍ ሊገዛ ቆሟል። ሴትየዋ ከልጄ የተላከች ትሁን ወይ ከካድሬው የማውቅበት መንገድ አልነበረም፤ እንዲህ እየላኩ ነበር ሰውን የሚያጠምዱት። ቀና ብላ መልሴን ጠበቀች።

«ተሳስተሻል» አልኳት፣ ወታደሩም እንዲሰማ። «የኔ ልጅ ሞቷል። ጅዳ።»

አየችኝ። እንቁላሏን መልሳ ሰበሰበችና ወጣች። ወታደሩን አስተናግጄ መንገዱን ብፈልግ፣ ብፈልግ አላገኘኋትም። ተመልሳም አልመጣችም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኳት። «አንዲት ሴት መጥታ ነበር። ደህና ነው አለችኝ። ሳምልኝ ብሎሻል።»

ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ለአፍታ ቆመ። እኔም ትጮሃለች፣ ወይ ትነሣለች ብዬ ጠበቅሁ።

«ምን አልካት?» አለች።

«ሞቷል አልኳት። ወታደር ነበር።»

መልቀሟን ቀጠለች። «እንግዲያው ተወኝ» አለች። «ሁለት ጊዜ ነገርከኝ። ሦስተኛ አልፈልግም።» ከሷ ስለሱ የሰማሁት መጨረሻ ይህ ነው።

ደርግ በሄደ ሰሞን ከተማው ሁሉ መንገድ ወጣ። እናቶች ፎቶ ይዘው እያንዳንዱን ታጋይ እያቆሙ ይጠይቁ ነበር። የኔ ሚስት አልወጣችም፤ የሷ ተለቅሶለታል። ፎቶውን ይዤ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። አባቶች ፎቶ ይዘው አይወጡም፤ ሰው አየኝ። ብዙ ቀን ተመላልሼ ምንም አላገኘሁም።

ኋላ አንድ የጎማ ጫማ ያደረገ ታጋይ ራሱ ሱቄ መጣ። ቁልፍ የሚገዛ መስሎኝ ነበር። ስሜን ጠየቀኝ፣ ከዚያ ቁጭ አለ። ከልጄ ጋር ነበርኩ አለ። የእንቁላሏ ሴት የነሱ ነበረች።

«መልእክቱ ሲመለስ አጠገቡ ነበርኩ» አለኝ። «አባትህ ሞተሃል ብሏል አሉት። በጣም ሳቀ። አባቴ ነጋዴ ነው፣ ሳያተርፍ አይገድለኝም አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሁለት ክረምት አብረን ነበርን» አለ። ከሁለቱ ክረምት በኋላ የሆነውን፣ ቦታውንም፣ ነገረኝ። ያን እዚህ አልጽፈውም።

ሻሂ ላስመጣለት አልኩ፤ «የቐንየለይ» ብሎ አመሰገነና ሄደ።

ወደ ግቢ ገብቼ ለባለቤቴ «ወሬ መጣ» አልኳት። ፊቴን አየችው፤ ያን ሁሉ ዘመን ካቋረጠች በኋላ። ከዚያ ልብስ ማጠቧን ቀጠለች። ተመልሼ ሱቁ ገባሁ፣ በሩን ገርበብ አደረግሁ፣ የምስማር ሣጥን ላይ ለቅሶ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። የሰፈሩ ሰው ለዚያ ልጅ ለቅሶ ደርሶ ጨርሷል።

ሂሳቡ ይህ ነው፤ አንድ ልጅ፣ ሁለት ለቅሶ።